የሶፋችን የዘር ሐረግ

ሰው የራሱን ዘር ይቆጥራል፤ እኔ ሰሞኑን የሶፋ ዘር ስቆጥር ከረምኩ።

ምን ላድርግ ወዳጄ? ባለቤቴ ሰናይት ሶፋው ይውጣ አለች። አባቷ ከደሴ ሊመጡ ነው፤ አባባን በዚህ ላይ አላስተኛም ብላ ቆረጠች። ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋ ነው። እንደተጋባን እዚሁ ሲያትል አጠገብ ዋይት ሴንተር ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝቼ ያመጣሁት የመጀመሪያ ንብረታችን። አልጋ እስክንገዛ የተኛነው እሱ ላይ ነው። በዲቪ የመጣ ዘመዴ ሁሉ የሲያትልን ኑሮ ሀ ብሎ የጀመረው እዚያው ላይ ነው። እንዴት ይጣላል?

አንድ ብልሃት መጣልኝ። አንቲክ፣ በዕድሜው የከበረ ዕቃ ከሆነ ማን ይጥለዋል? ገልብጬ ሆዱን ሳየው ብረቱ ላይ የፓተንት ቁጥር ተቀርጿል። ኢንተርኔት ላይ ባስገባው የፈጠረው ሰውዬ ያስመዘገበው ሥዕል እንዳለ ወጣ። አንቲክ እንኳ አይደለም፤ አሮጌ ብቻ ነው። ሥዕሉ ግን ጉድ አሳየኝ። መሃል ላይ የሚያልፈው ብረት ለካ አልጋው ከተዘረጋ በኋላ ወደ ታች ተገፍቶ መንጠቆ ውስጥ መግባት ነበረበት። እኛ ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ጀርባ ሥር ትተነው ኖረናል።

እንግዶቹስ እንዴት ዝም አሉ? አሁን ኤቨረት ከተማ ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። ወራት የተኛበት እሱ ነው። እንዴት አደርክ ስለው ሁልጊዜ «እንደ ንጉሥ» ይለኝ ነበር። ከት ብሎ ሳቀ።

«ሶ ምን ልበልህ? ፔይን ኪለር ውጬ ነበር ሥራ የምሄደው። በሰው ቤት ተኝቶ አልጋ ማማረር አለ እንዴ?»

ይሉኝታ ሰው ይጎዳል ሲባል እሰማ ነበር። በጀርባ በኩል መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ለሰናይት ስነግራት አቀረቀረች። ለካ ያኔ እሷንም ሲወጋት ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «ሶፋውን ይዘህ ስትገባ ፊትህ እንዴት እንደበራ አይቼ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እኔም ለእሷ ብዬ ስችለው እንደነበር ያን ቀን ነገርኳት።

ብረቱን መንጠቆው ውስጥ አስገባሁት፤ ሶፋውም ምሕረት አገኘ። አባባ መጥተው ተኙበት። ጠዋት እንዴት አደሩ አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቼ፣ ተመችቶኝ ነው ያደርኩት።»

ተያየን። እንዴት ይታመናሉ? በማግስቱ በግድ የእኛ አልጋ ላይ አስተኝተናቸው እኛ ሶፋው ላይ አደርን።

«ተመቸሽ?» አልኳት ሲነጋ።

«በጣም። አንተስ?»

«እኔማ እንደ ንጉሥ።»

እውነቴን ነው። ግን ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?