ፎርማት የተፈረደበት የጋሼ ማናሴ ኮምፒውተር

አዳማ በሉት ናዝሬት፣ "አትንኩት" የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ውሃ የማይደርሰው ሰፈር አለ፣ አስፋልት የማያውቅ ሰፈር አለ፤ "አትንኩት" ባይ ግን ለሁሉም እኩል ታድሏል። ይህ ሰው የቴሌቪዥኑ ምስል አረንጓዴ ሆኖ ዜና አንባቢው ጎመን ቢመስል "ድምፁ ይሰማ የለም ወይ? አትንኩት" ይላል። የግቢው በር ሲከፈት ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ከሆነ "ሌባ ሲመጣ እንሰማለን፤ አትንኩት" ይላል። ጥርሱን ሲያመው እንኳ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በሚስቱ ተጎትቶ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦም ለሐኪሙ የሚለው ያንኑ ነው።

እኛ ሰፈር፣ ከፍራንኮ ዝቅ ብሎ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሼ ማናሴ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አይችልም። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ዕቃ አስተላላፊ ሆነው ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ዕድሜ ልካቸውን አዲስ ነገር በኮንቴይነር ሲገባ ሲያስፈትሹ ኖረው፣ አንድም አዲስ ነገር ወደ ቤታቸው ሳያስገቡ ተሰናበቱ። ማቀዝቀዣቸው በሩ ስለማይገጥም በብስክሌት ካላማዳሪ ይታሰራል። ሶፋቸው ከተገዛበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ በአዳማ ሙቀት እዚያ ላስቲክ ላይ ቆይቶ የሚነሣ እንግዳ የሚያሰማው ድምፅ ለሰው አይነገርም። ባለቤታቸው እትዬ ወሰንየለሽ "እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ያልለወጠኝ በፍቅር ይመስለኝ ነበር" ይላሉ።

ከሁሉም የማይነካው ግን ኮምፒውተሩ ነው። ልጃቸው ሉሊት ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የተገዛ ነው። ሳሎን ጥግ፣ እትዬ ወሰንየለሽ የጠለፉትን ነጭ ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ጋሼ ማናሴ ልብሱን ገፈው ያጥፋሉ፣ ቁልፉን ይጫናሉ፣ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ከዚያ ስክሪኑ ይበራና የአንዲት ልጅ ድምፅ "አባዬ፣ ከፍቼልሃለሁ፤ ግን እንዳትነካካ" ብሎ ይስቃል።

ድምፁ የሉሊት ነው። ያኔ ተማሪ ሳለች አባቷ አንድ ቀን የቤት ሥራዋን ቢያጠፉባት ተናደደችና፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት በሚያሰማው ሙዚቃ ፈንታ የራሷን ድምፅ አስገባችበት። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆና አዳሚ ቱሉ የእርሻ ምርምር ላይ ትሠራለች፣ አግብታለች፤ ድምፁ ግን ጠዋት ጠዋት ያንኑ ያስጠነቅቃል። ጋሼ ማናሴም "እሺ የኔ እመቤት" ይሉና ካርታቸውን መጫወት ይጀምራሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ጉዳይ የላቸውም። ይህን ደስታቸውን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ እትዬ ወሰንየለሽ እንኳ ሰውየው በጠዋት የሚነሡት ለካርታው ሲሉ ይመስላቸዋል።

ችግር የመጣው ከልጅ ልጅ ጋር ነው። ጥር ላይ ሉሊት ወንድ ልጅ ተገላገለች፣ እትዬ ወሰንየለሽም ልጃቸውን ሊያርሱ አዳሚ ቱሉ ወረዱ። ጋሼ ማናሴ ግን የዓይን ሞራቸው የተገፈፈው በዚያው ሰሞን ነበርና ሐኪሙ "አቧራ የለም፣ ንፋስ የለም፣ መንገድ የለም" ብሏቸዋል። በጥር ወር አዳማ ላይ አቧራና ንፋስ የለም ማለት ከሶፋው አትነሣ ማለት ነው። በስልክ ፎቶ ሲላክላቸው ሕፃኑ ባቄላ አክሎ ይታያቸዋል። አገላብጠው አይተው "ይሄ ፊቱ ነው ወይስ ጉልበቱ?" ብለው ይጠይቃሉ።

ሉሊት መላ ዘየደች። ቤት ዋይፋይ ይግባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካሜራ ይሰካ፣ በትልቁ ስክሪን እንተያይ አለች። ዋይፋዩ ገባ፣ ካሜራውም ተሰካ። ኮምፒውተሩ ግን የታዘዘውን ገጽ ሁሉ አልከፍትም አለ። "አባዬ፣ ዊንዶውሱ አርጅቶ ይሆናል፤ ጃዕፈር አዲስ ይጫንበት" አለች ሉሊት።

ጃዕፈር ፍራንኮ ላይ ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ኮምፒውተር ቢዘገይ፣ ቢጮኽ፣ ፕሪንተር ወረቀት ቢነክስ፣ የጃዕፈር ፍርድ አንድ ነው፦ "ፎርማት ይደረግ።" ይግባኝ የለውም። ጋሼ ማናሴ ደወሉለት።

"ጃዕፈር፣ ለመሆኑ ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ነገር ምን ይሆናል?"

"ሙልጭ ነው ጋሼ። እንደ አዲስ ነው የሚነሣው።"

ጋሼ ማናሴ "ሙልጭ" የምትለዋን ቃል ይዘው ስልኩን ዘጉ። እንግዲህ ጉዳዩ ይኸው ነው። የልጅ ልጃቸውን ፊት እንዲያዩ የልጃቸው ድምፅ ሊጠፋ ነው። ይህን ለሉሊት ቢነግሯት ምን ነበረበት? ግን "ናፍቀሽኛል" ከሚሉ ጥርሳቸው ያለ ማደንዘዣ ቢነቀል ይመርጣሉ። ድሮም ስትደውል "ደህና ነሽ? ሥራ ደህና ነው? በይ እናትሽ ይቺውልሽ" ብለው ስልኩን ለባለቤታቸው ማቀበል ነበር ልማዳቸው። አሁን እናቲቱ እዚያው ስላሉ የሚያቀብሉት ሰው ጠፋ። እሳቸው ግን አልተቸገሩም፤ "በይ ለእናትሽ ስጪልኝ" ይላሉ።

ከዚያ ምክክር ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠየቁት ጎረቤታቸው አቶ ወዬሳ ናቸው። አቶ ወዬሳ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሞተር ሲያስነሡ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ብቅ ይላሉ።

"አካም ቡልቴ፣ ማናሴ?" አሉ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

"ነጋ፣ ወዬሳ። ግባ እስቲ፣ የማማክርህ ነገር አለ። ኮምፒውተሩን ፎርማት ላስደርገው ወይስ ልተወው?"

አቶ ወዬሳ ላስቲኩ ላይ ተቀምጠው አሰቡ። "የቆየ ሞተር ጠባዩን ታውቀዋለህ፣ ጠባይህን ያውቀዋል። አዲሱ እስኪለምድህ ድረስ አሳርህን ታያለህ" አሉ።

"ልተወው እንግዲህ?"

"የልጅ ልጅህንስ እንዴት ልታየው ነው?"

"እሱማ ነው ችግሩ።"

"እንግዲያው አስደርገው።"

"አንተ ደግሞ አንዱ ጋ ቁም እንጂ።"

"እኔ ምን አስቆመኝ? ኮምፒውተሩ ያንተ፣ የልጅ ልጁ ያንተ።"

ጸበል ሊረጩ የመጡትን የንስሐ አባታቸውንም ጠየቁ። እሳቸው ጉዳዩን በጽሞና ሰምተው ከጨረሱ በኋላ "ዊንዶውስ ግን ምንድን ነው ልጄ?" አሉ። የዳቦ ቤቷ ዋፊቃ "የኔ ስልክ ከተሻሻለ ወዲህ ባትሪው ቁርስ ድረስም አይቆይም" ብላ አስፈራራቻቸው። ሰፈሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ፣ "ይደረግ" እና "አይደረግ" ተባባልን። እናሾፍባቸዋለን እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ሰውየው ሲጨነቁ እኛም ተጨንቀን ነበር። ምን እንደሚያስጨንቃቸው ግን ያኔ ማናችንም አናውቅም ነበር። ግትርነት ነው ብለን ዘጋነው።

ፍርዱን የሰጡት እትዬ ወሰንየለሽ ናቸው፣ ሳያውቁት። አንድ ምሳ ሰዓት ደውለው "ማናሴ፣ ልጁ እኮ ሲቆጣ ግንባሩን የሚቋጥረው ልክ እንዳንተ ነው። ምን ላድርግ፣ ተሸክሜ አላመጣልህ" አሉ። ጋሼ ማናሴ ስልኩን ዘግተው ግንባራቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ጃዕፈር ጋ ደውለው "ነገ ና" አሉት።

በማግስቱ ጃዕፈር እስኪመጣ ድረስ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱት ሲዘጉት አረፈዱ። በመስኮት የሰማ መንገደኛ ሁሉ አንዲት ልጅ ደጋግማ "እንዳትነካካ" ስትል ሰምቶ፣ ጋሼ ማናሴ ምን እየነካኩ ነው ሳይል አልቀረም። ጃዕፈር ሲገባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ቆመው ነበር። ልብሱ ታጥፎ፣ ኮምፒውተሩ በርቶ ይጠብቃል።

"ልጀምር ጋሼ?"

"አድርገው" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጃዕፈር ፍላሹን ከኪሱ ሲያወጣ ግን ሆዳቸው አልቻለም። "እኔ የምልህ፣ በሬዲዮ እንደሰማሁት የአሮጌው ዊንዶውስ ጊዜ የሚያበቃው በ2025 ነው አይደል? ገና ሰባት ዓመት አለው እኮ። ምን አስቸኮለን?"

"2025 እኮ አለፈ ጋሼ።"

"የት አለፈ? ይኸው እዚያ ጥግ ላይ አንብበው።"

ጃዕፈር ጎንበስ ብሎ የስክሪኑን ጥግ አነበበ። 2018 ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር። ሰዓቱ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይላል፣ በፈረንጆቹ ዘጠኝ ማለት ሲገባው። ጃዕፈር ፍላሹን አስቀመጠ።

"ይሄን ማነው የነካው?"

የሰፈሩ "አትንኩት" ባይ፣ ክቡር ጋሼ ማናሴ፣ እንደ ተማሪ ወደ ወለሉ አዩ።

"እኔ ነኝ። ሉሊት ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ነው። ሰዓት ባየሁ ቁጥር ስድስት መቀነስ ሰለቸኝ። ደግሞስ አዳማ ተቀምጦ ለምን በፈረንጅ ይቆጥራል?"

"ጳጉሜስ ስትመጣ ምን ያደርጋሉ?"

"አያውቃትም። እስክታልፍ ድረስ ልብሱን አልብሼ እተወዋለሁ። ጥቅምትንም ሁለተኛ ወር ስለሆነች እንደ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት ላይ ቆርጦ ያልፋል፤ በእጄ እመልሰዋለሁ።"

ጃዕፈር ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሲበቃው ዓይኑን እየጠረገ አስረዳቸው። "ጋሼ፣ እነዚህ ገጾች ሲከፈቱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብለው ነው። የርስዎ ኮምፒውተር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ሲነግራቸው አያምኑትም፤ በሩን ይዘጉበታል። ነገሩ ይኸው ነው። ዊንዶውሱ ማርጀቱ አልቀረም፣ አንድ ቀን መለወጡም አይቀርም። ለዛሬ ግን ፎርማት አያስፈልገውም።"

በጃዕፈር አፍ "ፎርማት አያስፈልገውም" ሲባል የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ቀኑን አስተካክሎ፣ ሰዓቱን አስተካክሎ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው። ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ በራ፣ ልጅቷም ከፍቼልሃለሁ አለች፣ ሳቀችም። ጃዕፈር ቀና ቢል ጋሼ ማናሴ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያብሳሉ።

"የዓይን ጠብታው ነው" አሉ።

"ይቺን ነው እንዴ የፈሩት? ጋሼ፣ ይሄ እኮ በፍላሽ ይወጣል፣ ስልክዎት ላይም ይገባል። አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ።"

"አንተስ መች አስነገርከኝ? ሙልጭ ብለህ ዘጋኸኝ እንጂ።"

ሉሊት ጋ ተደወለ። ትንሽ ዞረ፣ ዞረና ስክሪኑን የሞላ ፊት መጣ። የአሁኑስ ጉልበት ሳይሆን ፊት መሆኑ አያጠራጥርም። ሕፃኑ ተኝቶ ነበር፣ በእንቅልፉ ግንባሩን ቋጠረ፣ ፈታ፣ መልሶ ቋጠረ። ጋሼ ማናሴ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው "እኔን" አሉ፣ "አባትህን፣ እኔን።"

ከዚያ ካሜራው ከፍ አለና ሉሊት ታየች። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ጉንጮቿ የእናቷን ይመስላሉ።

"አባዬ፣ ይታይሃል?" አለች።

ወፈር ያለ፣ የደከመው፣ የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። ጋሼ ማናሴ ሕፃኑን ረስተው እሷን አዩ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ልጅ ጠዋት ጠዋት ስትስቅላቸው ልጃቸው አብራቸው ያለች ይመስላቸው ነበር፣ ስለዚህም ደውለው አያውቁም። ይቺን የደከማትን ሴት ግን ለካ ገና አላወቋትም።

"ትተኛለሽ ለመሆኑ?" አሏት።

"የት እተኛለሁ አባዬ፣ ይሄ መች ያስተኛኛል?"

"እህል ትበያለሽ? ቤቱ ይሞቃል? ያ ድሮ ጉንፋን ሲይዝሽ የሚያምሽ ጆሮሽ ዳነ?"

ሉሊት በመጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ግን መልስ መስጠት ጀመረች፤ አንዱን ስትመልስ ሌላ ይጠይቋታል። ጃዕፈር ቆሞ ጠበቀ፣ ደከመው፣ ላስቲኩ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ እትዬ ወሰንየለሽ ከጀርባ "በል እንግዲህ፣ ልጄን አሳርፋት፤ ነገ ትደውልልሃለች" አሉ።

"የለም" አሉ ጋሼ ማናሴ። "ነገ እኔ ነኝ የምደውልላት።"

ሉሊት እናቷን አየች። እትዬ ወሰንየለሽ ወደ ካሜራው ተጠጉ፣ ተጠጉና አፍንጫቸው ብቻ እስኪታይ ደረሱ።

"ጃዕፈር፣ አለህ እዚያ? ሰውዬውን ምን አድርገኸው ነው?"

"ምንም እትዬ" አለ ጃዕፈር ከሶፋው ላይ። "ሰዓቱን ብቻ ነው ያስተካከልኩት።"