ጋሽ አላምረው ዲስኮቹን የሸመገሉ ዕለት

ከተማ ውሃ ሊያጣ ይችላል፤ መብራትም ኔትዎርክም ሊያጣ ይችላል። ሸምጋይ ግን አያጣም። የትም ሂዱ፣ ጥል ከሩቅ የሚሸተው፣ ጥል ከሌለ ፈልጎ የሚያገኝ፣ ፈልጎ ካጣም ወደፊት ሊጣሉ የሚችሉትን ቀድሞ የሚያስታርቅ አንድ ሰው ይኖራል። ጎብዬ የራሷ አላት። ዋጃም አላት። ቆቦ ግን ያላት ተራ ሸምጋይ አይደለም፤ ሊቀ ሸማግሌ ነው። በዚያ ሙቀት ጋቢ የሚደርቡ፣ የዱላና የትዕግሥት ባለቤት፣ ክቡር ጋሽ አላምረው!

ጋሽ አላምረውን ማንም አልሾማቸውም። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች መንገድ ተሻግረው በጩኸት ሰላም ሲባባሉ መሃል ገብተው አስታርቀዋል። "ኧረ ጋሼ፣ አልተጣላንም!" ቢሏቸው "ታዲያ ሳትጣሉ መታረቃችሁ ምን ከፋ?" ብለው ጉንጭ ለጉንጭ አሳሳሟቸው። አንድ ሙሽራ ጫማው ጠቦት እንቢ ሲል፣ ሙሽራውንና ጫማውን ሊሸመግሉ ሚዜዎቹን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁመዋል። በመጨረሻ ሙሽራው ካልሲውን እንዲያወልቅ፣ ጫማውም ማሰሪያውን እንዲያላላ ተፈረደና እርቅ ወረደ።

የግመሏማ አይረሳም። በገበያ ቀን ጨው ተጭና የመጣች ግመል አልነሳም አለች። ባለቤቷ፣ ከአፋር የመጣ ጎልማሳ፣ ዱላውን ሲያነሳ ጋሽ አላምረው እጁን ያዙት።

"ሁለቱም ወገን ይሰማ!"

ከግመሏ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ጆሯቸውን ወደ ጎኗ አስጠጉ። ብዙ ቆዩ። "ይቺ ግመል ተቀይማለች" አሉ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጭነቱ ሲራገፍ ከሥሩ እንቁላል የምታህል ድንጋይ ተገኘች። ገበያው ግን ሳቁን አላቋረጠም፤ ሰው አንዴ መሳቅ ከጀመረ ለእውነት ብሎ አያቆምም።

ታዲያ ጋሽ አላምረው ሁለት አባባል አላቸው። አንደኛው ይኸው "ሁለቱም ወገን ይሰማ" ነው። ሁለተኛው፣ ሽምግልናው ካለቀ በኋላ ወሬ የጠማው ሁሉ "ለመሆኑ ነገሩ ምን ነበር?" ሲላቸው የሚመልሱት ነው፤ "የታረቀ ነገር አይወሳም!" ስለዚህ በቆቦ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደነበር አሟልተው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ አይናገሩም።

በኚህ ሰው ከማንም በላይ የተማረረችው ጀዊሪያ ነበረች። ጀዊሪያ ዋናው መንገድ ዳር ፎቶና ቪዲዮ ቤት አላት። አሥራ አንድ ዓመት የከተማውን ሠርግ ቀርጻለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ የጋሽ አላምረውን ጀርባ። ካሜራዋን ሙሽራይቱ ላይ ስታነጣጥር ጋቢው ከች ይላል። ኬኩ ሲቆረስ ጋቢው። አማቾች ሲሳሳሙ ጋቢው። "ጋሼ፣ ዞር በሉልኝ!" ብላ ብላ ድምጿ ተዘግቷል። ከዚያ ቁጭ ብላ እሳቸውን እየቆረጠች ታወጣለች። "ሙሽራ ከማሳምርበት ጋሼን የማወጣበት ይበልጣል" ትላለች።

ያ ሁሉ ሠርግ ሳይቆረጥ የተቀመጠው ከጠረጴዛዋ ሥር ባለች የጫማ ካርቶን በምታህል ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኗ አራት ሃርድ ዲስክ ታቅፋለች። ባለሙያዎቹ ይህን አደረጃጀት ሬይድ ይሉታል፤ ጀዊሪያ ግን ለደንበኞቿ ስታስረዳ "ቃሬዛ ነው" ትላለች። "አራት ሰው አንድ በሽተኛ ተሸክሟል እንበል። አንዱ ደክሞት ቢለቅ ሦስቱ ይዘው ይቆያሉ። ምትክ ሳይመጣ ሁለተኛው ከለቀቀ ግን በሽተኛው መሬት ነው።"

በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ከተማው ሲሸሽ እሷ ልብሷን ትታ ሳጥኗን ይዛ ወጣች፤ ጎብዬ አክስቷ ቤት፣ ማሽላ ጎተራ ውስጥ ቀበረቻት። እስከ ዛሬ የሳጥኗ ማራገቢያ ሲነሳ የማሽላ ገለባ ትተፋለች። ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ አልበሙንም ካሴቱንም አላገኘም። የብዙ ቤት ሠርግ ያለው እዚያች ሳጥን ውስጥ ብቻ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሳጥኗ ማልቀስ ጀመረች። ጲጲ... ጲጲ... ቀይ መብራት በራ። ኮምፒውተሩ ከአራቱ አንዱ ዲስክ እንደታመመ ተናገረ። ጀዊሪያ ለዕቃ ደሴ ለሄደው ባሏ ለኸይረዲን ደወለች። "ነገ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ምትኩን ይዤ እደርሳለሁ። እስከዚያ እንዳትነኪው፤ ለማንም እንዳትናገሪ" አላት። አልነካችውም። ግን ልጇን የዳረችው ጎረቤቷ ሸዋዬ "ምንድነው የሚጮኸው?" ስትላት አፏ አመለጣት።

ቆቦ ታማሚ ሰምቶ ቤቱ አይቀመጥም። ከሰዓት በኋላ ጠያቂው ጎረፈ። ሸዋዬ ሦስት ፓፓያ ይዛ መጣች። ጠያቂዎቹ በሩ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንዴት ዋለ?" ይላሉ። "ያው ነው።" "እንቅልፍስ ይወስደዋል?" "ኧረ አንዴም አልተኛም፤ ይጮኻል።" ከንፈር ይመጠጣል። "እግዜር ይማረው።" "አላህ ያሽረው።" አንዷ እናት ለጀዊሪያ "አንቺም ብዪ እንጂ፤ አስታማሚ ካልበላ ታማሚ አይድንም" ብላ ፓፓያውን ላጠችላት።

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ አላምረው መጡ። አብረዋቸው ሸህ ሙሀመድሰይድ አሉ፤ ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የሸመገሉ፣ ሁልጊዜ ዐይናቸውን ጨፍነው የሚቀመጡ፣ ተኙ ሲባል ግን የነገሩን ልብ የሚናገሩ ሰው።

"ጀዊሪያ፣ አራት ወንድማማች በአንድ ቤት ሲኖሩ አንዱ አኩርፏል አሉኝ።"

"ጋሼ፣ አላኮረፈም። ዲስክ ነው። ተበላሽቷል።"

"ያኮረፈን ሁሉ ተበላሸ ይሉታል፤ ልማድ ነው። ለመሆኑ ተጠይቋል?"

"ማን?"

"ባለጉዳዩ!"

"ኧረ በአላህ ጋሼ!"

"ሁለቱም ወገን ይሰማ።"

"ሁለት ወገን የለም! ሦስቱ ጤነኛ ናቸው፣ አንዱ ታሟል፣ በቃ!"

ሸህ ሙሀመድሰይድ ዐይናቸውን ሳይገልጡ "ሦስት ለአንድ" አሉ። "ከባድ ነው።"

ጀዊሪያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ ቀደመው። "ሌላ አንድ ከለቀቀ የአገሩ ሠርግ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ሰው አምኖ ያስቀመጠብኝ ነው። እባካችሁ አትንኩብኝ።"

"እንኳን ልነካው አልተነፍስበትም። የኔ ሥራ መስማት ነው" አሉና ጋቢያቸውን አንጥፈው መሬት ተቀመጡ። ለአራቱም ዲስኮች በየተራ "እንደምን አደራችሁ" ብለው ጆሯቸውን ሳጥኗ ላይ ደገፉ። አንዴ "እህ" ይላሉ። አንዴ "ይገባኛል" ይላሉ። አንዴ ደግሞ "እሱንማ ማለት አልነበረባቸውም" ሲሉ ጀዊሪያ ግንባሯን ያዘች። ሸህ ሙሀመድሰይድ "አብሽሪ" አሏት፤ ማንኮራፋት ጀምረው ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ኸይረዲን ከሚኒባስ ወርዶ አዲሱን ዲስክ እንደ እርጎ ቅል አቅፎ ገባ። ሱቁ ጠያቂ ሞልቶታል። ጀዊሪያ ተንበረከከች። ዱሮ ዲስኮቹ በየግላቸው ትንንሽ መብራት ነበራቸው፤ የጎተራው አቧራ አጥፍቷቸዋል። ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ወረቀት ለጥፋለች። ኮምፒውተሩን አየችው፤ "ዲስክ 2" ይላል። ቢስሚላህ ብላ ሁለተኛው ላይ እጇን አሳረፈች።

ዱላ በእጇና በሳጥኗ መሃል ገባ።

"ይሄ አይደለም።"

"ጋሼ! ኮምፒውተሩ ሁለት ብሏል!"

"ኮምፒውተሩ አንድ ወገን ነው። ሁለቱም ወገን ይሰማ! ሁለተኛው ከጠዋት ጀምሮ እንደ ንብ ሥራው ላይ ነው፤ ቀና ብሎ አላየም። የሚያጉረመርመው ሦስተኛው ነው። ቀጭ ይላል፣ ያርፋል፤ ደግሞ ቀጭ ይላል። የተገፋ ሰው አነጋገር አውቃለሁ።"

ሱቁ ልክ እንደ ገበያው ሳቀ። ኸይረዲን እንኳ ፊቱን አዞረ። ጀዊሪያ ከብስጭት ብዛት፣ እንዲያው አፋቸውን ለማስያዝ ብላ፣ "ዝም በሉ!" አለችና ጆሮዋን ሁለተኛው ላይ ለጠፈች። ዝዝዝ። ሦስተኛው ላይ ለጠፈች።

ቀጭ። ዝም። ቀጭ።

ስልኳን አብርታ በሳጥኗ ቀዳዳ የዲስኮቹን ደቃቅ ሴሪያል ቁጥር ከኮምፒውተሩ ጋር፣ ፊደል በፊደል፣ አመሳከረች። ታማሚው ሦስተኛው ነው! ለካ ኮምፒውተሩ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ የሱ ሁለት የሷ ሦስት ነው። ጤነኛውን ልትመዝ ነበር። ቃሬዛውን በገዛ እጇ ልትጥል ነበር።

ሦስተኛውን መዘዘች፤ አዲሱን አስገባች። ልቅሶው ቀጥ አለ። ሦስቱ የያዙትን ለአዲሱ ማካፈል ጀመሩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ መቶኛው አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥራል። ጠያቂው በእልልታ ተበተነ። ጋሽ አላምረው ግን "እርቅ ያለ ዋስ አይጸናም" ብለው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መቶው እስኪሞላ፣ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሲሞላ ተነስተው መረቁ፤ "አራት ሆናችሁ አንድ ሁኑ።" ሸህ ሙሀመድሰይድም ነቁ። "አሚን።"

ጀዊሪያ ፋይሎቹ ደህና መሆናቸውን ለማየት አንዱን ከፈተች። እጇ የሄደው ወደ ገዛ ሠርጓ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ረዳቷ የቀረጸው፣ ያልተቆረጠው። ጋሼ ስላበላሹት ራሷ ቆርጣ የጣለችው ቦታ ደረሰ። ከጨፋሪዎቹ ጀርባ አይሱዙ ቆሟል። ከአይሱዙው ኋላ ሟቹ አባቷና የኸይረዲን አባት ናቸው። አባቷ ክንዳቸውን አላቀው ወደ መንገዱ ይጠቁማሉ፤ ሊሄዱ ነው። ከልጃቸው ሠርግ ሊሄዱ! መሃላቸው አንድ ሰው ዱላውን አጋድሞ ቆሟል። ድምፁ በዘፈኑ ተውጧል፤ ከንፈሩን ግን ማንም የቆቦ ሰው ያነበዋል። አባቷ ቆሙ። ዐይናቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ። ያኔ ሰውዬው ዘወር ሲሉ ካሜራውን አዩት። ዐይናቸው ፈጠጠ። ቱር ቱር እያሉ መጡና ጀርባቸውን ሰጥተው ጋቢያቸውን እንደ መጋረጃ ዘረጉት።

ሌላ ሠርግ ከፈተች። ከጋቢው ጠርዝ አንዲት አማት ስታለቅስ ትታያለች። ሌላ ከፈተች። ሁለት ወንድማማች አንገት ለአንገት ተቃቅፈዋል። አሥራ አንድ ዓመት!

ጋሽ አላምረው በሩ ላይ ጋቢያቸውን እያራገፉ ነበር። የወጣውን ዲስክ በብብታቸው ይዘዋል።

"እሱን ምን ሊያደርጉት ነው ጋሼ?"

"ቅሬታውን አልጨረሰልኝም።"

"ጋሼ... በኔ ሠርግ ቀን አባቴን ምን ብለው መለሷቸው? ነገሩስ ምን ነበር?"

ሳጥኗን በግልምጫ አዩዋት። "ምነው፣ ይቺ ወሬኛ ናት እንዴ?" አሉና ዱላቸውን አነሱ። "የታረቀ ነገር አይወሳም ልጄ።"

በቀጣዩ እሑድ ዋጃ ሠርግ ነበር። ልክ ኬኩ ሲቆረስ ያ ጋቢ መጥቶ የካሜራውን ዐይን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ሚዜዎቹ "ጋሼ፣ ዞር በሉ!" ብለው ጮኹ።

"ተዉአቸው" አለች ጀዊሪያ፤ ካሜራዋንም ቀስ ብላ ወደ ጨፋሪዎቹ አዞረችው።