ሙሻን ለማየት የሄደችው አክስቴ

ደሴ ደሴት ለመሆን የቀራት አንዲት ፊደል ናት። በክረምት ጧት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤቱን ሁሉ ሲውጠው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ላየ ግን እሷም ፊደል የቀረች አትመስለውም። ባሕር ሳያይ የሚያድግ ሰው እንዲህ ነው፤ ያገኘውን ነጭ ነገር ሁሉ ባሕር ያደርገዋል። ደጋ የተወለዳችሁ ታውቁታላችሁ።

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ዘይነብ ግን ባሕርን አልማው አታውቅም። ጠላቷ ነበር። ባሏ ጋሼ ይማም ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ እየነዳ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ሾፌር ነው። ጭነት ዘገየ እያለ ቆይቶ ይመጣል፤ መጥቶ ሲተኛ ደግሞ በእንቅልፍ ልቡ «ሙሻ... ሙሻ» ይላል። አክስቴ አንድም ቀን ማን ናት ብላ አልጠየቀችውም። መልሱን ፈርታ። ለእናቴ ብቻ «ስሟ እንኳ ሙሽራ ሙሽራ ይላል» ብላ አልቅሳላታለች።

አምና ጋሼ ይማም ሥራ ሊያቆም ሲል «ሳልሞት ሙሻን ላሳይሽ» አላት። አክስቴ ሂና ተቀባች፣ የዒድ ቀሚሷን ለበሰች፣ እኔንም «አብረኸኝ ሁን» ብላ ከደሴ ጠራችኝ።

በረሃውን ወርደን፣ ጅቡቲ ደርሰን ጀልባ ላይ ስንሳፈር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«እባሕር መሃል ነው እንዴ ያስቀመጣት?» አለችኝ።

ሙሻ ደሴት ሆና ተገኘች። ትንሽ፣ ዝቅ ያለች፣ ነጭ አሸዋ የለበሰች፤ ዛፎቿ ሥሮቻቸውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው የቆሙ። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ ጀልባችን አየር ላይ የተንሳፈፈች መሰለኝ። ባሕሩ ጥብቅ ስለሆነ ማጥመድም ዛጎል ማንሣትም ክልክል ነው አለን ባለጀልባው። ዓሦቹም ይህን የሰሙ ይመስል ሰው አይፈሩም።

«ይቺ ናት» አለ ጋሼ ይማም። «ጭነት ሲዘገይ እየመጣሁ ጋደም እልባት ነበር። ላሳይሽ ላሳይሽ ስል ዕድሜው አለቀ።»

አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ ከዳር ውኃው ውስጥ ቁጭ አለች። ቢጫ ዓሦች መጥተው ሂና በቀባችው እግሯ ዙሪያ ይርመሰመሱ ጀመር። ሳቀች ይሁን አለቀሰች አልለየሁም፤ ፊቷ በጨው ውኃ ርሷል። እፎይ ያለች መስሎኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አየሽ አክስቴ፣ ሴት አይደለችም።»

«ወላሂ፣ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከዓሦቹ ሳትነቅል። «ሴት አብራኝ ታረጅ ነበር።»

ባለጀልባው እንሂድ ብሎ ሲጣራ ከሁላችን መጨረሻ የተሳፈረችው እሷ ናት።