ዝናብ ያልነካው ሞተር

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለክብሩ ስንል ስሙን በማንጠራው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ አርቆ አሳቢነትን ለትውልድ የሚያስተምር ታላቅ ሥራ ተሠርቷል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ኪዳነወልድ የእሸት ቡና መፈልፈያው ሞተር በክረምቱ እርጥበት እንዳይበላሽ አሳሰባቸው። የኤሌክትሪክ ባለሙያዋን ቦንቱን አስጠሩ።

«ከመሬት ከፍ አድርገን ሲሚንቶ ላይ እንትከለው፤ ከላዩ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት። አየር ካገኘ ይደርቃል» አለች።

«ይኸው ብቻ?» አሉ፣ የመፍትሔው መቅለል ቅር አሰኝቷቸው። ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት የእርጥበት መከላከል ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋሙ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው፤ ኮሚቴው ዘመናዊ ስለሆነ በፕላስቲክ አደረገው። ሞተሩ በአራት ድርብ ላስቲክ ታሽጎ እንዲከርም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

«ጋሼ፣ ታፍኖ ከከረመ እኮ ከውስጥ ያልበዋል» አለች ቦንቱ።

«ብረት ያልበዋል? አንቺ ልጅ፣ የተማርሽው ሳይንስ ነው ተረት?»

ጥቅምት ላይ ቡናው ደረሰ። እንግዶች ተጠርተው፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ላስቲኩ ተገለጠ። ከሞተሩ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«እንዳታስነሱት! አንድ ቀን ስጡኝ፣ ላድርቀው» ብላ ቦንቱ ማብሪያው ፊት ቆመች።

«እንግዶቹ ቆመው ይጠብቁሽ?» አቶ ኪዳነወልድ ገፋ አደረጓትና በገዛ ጣታቸው አበሩት።

ሞተሩ አንዴ አጓራ፤ ከዚያ ጭስ ብቻ ሆነ። እንግዶቹ የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ገበሬዋ ኤልቤቴል ሦስት ጆንያ ቀይ እሸት ይዛ ተሰልፋ ነበር። እሸት በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይበላሻል። በማግስቱ ጆንያው ሞቆ መሽተት ሲጀምር፣ የዓመት ልፋቷ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቦንቱም አጠገቧ ተቀመጠች።

ኮሚቴው ግን ሪፖርቱን አቀረበ፦ «ከውጭ አንዲትም የዝናብ ጠብታ ስላልገባች ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል። ሞተሩ የተቃጠለው በራሱ ላብ ነው።» ቦንቱም ላቡን አስቀድማ በመናገሯ፣ በሟርተኝነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት።

አቶ ኪዳነወልድ ከስህተት የሚማሩ ሰው ናቸው። አዲስ ሞተር ሲመጣ ከጣቢያው ሁሉ ደረቁን ቦታ መረጡለት፤ የራሳቸውን ቢሮ፣ ምንጣፉ ላይ።

ኤልቤቴል እንደገና የለቀመችውን እሸት ተሸክማ ቢሮው በር ላይ ቆመች።

«ታዲያ ቡናዬን እዚህ ላስገባው?»

አቶ ኪዳነወልድ ደንግጠው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኧረ እትዬ ኤልቤቴል! እርጥብ ነገር ወደ ሞተሩ ማስጠጋት ክልክል ነው!»