ሳይታወቅ የማይባረር ሸረሪት

[መኝታ ቤት። ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ተስቧል። በተጋለጠው ጥግ ወፍራም ድር፣ በድሩም ላይ የመዳፍ ያህል ሸረሪት ይታያል። ሚስት «እሱ ሳይወጣ አልገባም» ብላ እናቷ ቤት ከሄደች ወዲህ ባል እንቅልፍ የሚባል አላየም፤ ዛሬ ወደ ቤቷ ሊመልሳት ቆርጧል። ቆራጥነቱ አልጋ ላይ አውጥቶታል፤ እዚያ ቆሞ የእጅ ባትሪ ያበራል። የሚስት ታናሽ ወንድም መጥረጊያ ይዞ ከታች ቆሟል።]

ወንድም፦ ልምታው በቃ?

ባል፦ መጥረጊያህን አውርድ! ማንነቱ ሳይታወቅ?

ወንድም፦ ሸረሪት ነዋ፣ ጋሼ።

ባል፦ እንዴት ያለ ግኝት ነው! እሱንማ እህትህም ጮኻ ነግራናለች። የትኛው ሸረሪት? ቡናማ ነው፤ እግሩ ረጅም፣ ጸጉራም። ድሩ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ፣ ጥጉ ጋ ሲደርስ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይጠባል። ትልቁ የቤት ሸረሪት ነው! ሰው አይተናኮልም።

ወንድም፦ ታዲያ አልጋ ላይ ምን አወጣዎት?

ባል፦ ከላይ ሲያዩት ነው የሚለየው።

ወንድም፦ ከመጣን ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም እኮ።

ባል፦ ጠባዩ ነዋ! አድፍጦ ይጠብቃል። ከተነሣ ግን ሩጫው አይጣል ነው።

[ወንድም ወለሉን በእግሩ ይደበድባል።]

ወንድም፦ ንቅንቅ የለም።

ባል፦ ንቆህ ነው። አልፈርድበትም።

ወንድም፦ ዝንብ አፍንጫው ሥር ተይዛ ትንፈራገጣለች።

ባል፦ ጠግቧል። ሁሉም እንዳንተ ያገኘውን የሚውጥ መሰለህ?

ወንድም፦ ጀርባው ደግሞ እንደ ድስት ክዳን ተነሥቷል።

ባል፦ [በደስታ] ይኸው መለያው! እንዲህ ያለ ጀርባ ሌላ ሸረሪት የለውም። በል ደውልላት፤ «ባልሽ አጣርቶታል፣ ምንም አያደርግም፣ ነይ» በላት።

ወንድም፦ እደውላለሁ፤ ብቻ…

[ጎንበስ ብሎ እፍ ይላል። ሸረሪቱ ከድሩ ተላቅቆ፣ እንደ ላባ ተንሳፍፎ መዳፉ ላይ ያርፋል።]

ባል፦ ኧረ ጣለው! ጣለው!

ወንድም፦ ባዶ ነው፣ ጋሼ። ቆዳው ነው። አድጎ ሲጠበው አውልቆት ሄዷል።

ባል፦ [ደረቱን ነፍቶ] ሄዷል! እኔስ ምን አልኩህ?

ወንድም፦ አዎ። ይሄ እንግዲህ የጠበበው ነው።

[የባትሪው ብርሃን ወደ መጋረጃው፣ ከዚያ ወደ ትራሱ፣ በመጨረሻም ባል ወደቆመበት ብርድ ልብስ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የአልጋው ሽቦ ይጮኻል፤ በሩ ይከፈታል።]

ወንድም፦ ጋሼ! ታዲያ እህቴን ምን ልበላት?

ባል፦ [ከውጭ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ] እናታችሁ ቤት ትርፍ ፍራሽ ይኖር እንደሆነ ጠይቃት!