ዛሬን የምትዘል አንባቢ

መጽሐፍ እየዘለለ የሚያነብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ጓደኛዬ ዘነበች ገጥማኛለች። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። አርብ እረፍቷ ስለሆነ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር እኔ ቤት እየመጣች ያነበበችውን ትተርክልኛለች።

ያዋስኳት ልብ ወለድ አንዱን ምዕራፍ ስለ አያት፣ ቀጣዩን ስለ ልጅ ልጇ እያፈራረቀ ይሄዳል። እሷ ግን የአያትየዋን ብቻ ነው የምታነበው። ለምን ብላት፣ «ዛሬንማ ሳምንቱን ሙሉ ስወለውለው አይደል የምውለው?» አለችኝ።

ባለፈው አርብ ዓይኗ አብጦ መጣች። አያትየዋ በወጣትነቷ የተሳፈረችበትን ጀልባ ማዕበል መትቶት ምዕራፉ እዚያ ላይ አልቋል። ዘነበች ምሳ አልበላም አለች። ምን ላድርግ? በዚህ ሙቀት ነጠላዬን ላዘቅዝቅ?

«እንዴ አንቺ፣ ሰጥማ ቢሆን ኖሮ ይቺ የምትዘያት የልጅ ልጅ ከየት መጣች?» አልኳት።

መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀጣዩን ምዕራፍ ገለጠች። አያትየዋ አርጅታ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ሻዩ ስኳር አነሰው ብላ የልጅ ልጇን ትቆጣለች።

ዘነበች እንባዋን ጠርጋ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«ለካስ የኔም ዛሬ ገና ላልተወለደች የልጅ ልጄ ድሮ ነው» አለችኝ እየጎረሰች። «እንዳትዘለኝ ብቻ።»