የምሥራች፣ ምንጫችሁ መርዝ አለበት

መርዝ ሲያገኝ በደስታ የሚዘል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም የአጎቴ ልጅ። ዶክተር ነው፤ ሰው የሚያክም እንዳይመስላችሁ። ከግራዋ ቅጠል ጭማቂና ከብር ጨው በዓይን የማይታዩ የብር ቅንጣቶች ይሠራል። ቅንጣቶቹ ያሉበት ፈሳሽ ቢጫ ነው፤ ሜርኩሪ ያለበት ውኃ ሲነካው ግን ቀለሙ ይጠፋል። መቼም ጥበብ ነው!

ባለፈው መስከረም ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል፣ ወደ መንደራችን መጣና ሁላችንም የምንጠጣውን የምንጭ ውኃ ፈሳሹ ላይ ጠብ አደረገ። ቢጫው ዓይናችን እያየ ጠራ።

«ሠራ! ሠራ!» ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ሴቶቹም ምንጩ የተባረከ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

እናቴ ግን ጠጋ ብላ፣ «ጠራ ማለት ንጹሕ ነው ማለት ነው?» አለችው።

«የለም እትዬ፣ መርዝ አለበት ማለት ነው!» አላት፣ ጥርሱን መክደን አቅቶት።

እልልታው ቀጥ አለ።

«ታዲያ ምን እንጠጣ ልጄ?»

«እሱ እንኳ ከጥናቴ ወሰን ውጭ ነው።»

«እንግዲያው መርዙን የሚያወጣውንም ሥራልና!»

«ያ ሌላ ርእስ ነው እትዬ፤ ሌላ ሰው ያጠናዋል።»

ምን ይበል? እውነቱን ነው። እኔም ቀበሌ ሄጄ አመለከትኩ፤ «በቅጠል የተመረመረ ውኃ አንቀበልም» ብለው መለሱኝ። እሱ ጽሑፉ ታትሞለት፣ የምንጫችንን ፎቶ ይዞ ውጭ አገር ለጉባኤ ሄደ።

እኛ ሌላ ምንጭ የለንም። እናቴ ድሮ ሳታውቅ ትጠጣ ነበር፤ ዛሬ አማትባ ትጠጣለች።